መብረር ላማረው ሰው፦ የትኛው ክንፍ ለየትኛው ኪስ?

ንስር ክንፉን ሳያርገበግብ ሰማይ ላይ ሲዞር ቀና ብሎ ያላየ ሰው ያለ አይመስለኝም። አብዛኛው አይቶ ያልፋል። አንዳንዱ ጋ ግን ያቺ ምኞት ትቀራለች። ይህን የምጽፈው ምኞቷ ለቀረችበት ሰው ነው።

መብረር ያማረው ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው "ስንት ያስወጣል?" ብሎ ነው። ከዚያ ግራ ይጋባል። አንዱ "የሀብታም ጨዋታ ነው፣ ተወው" ይለዋል። ሌላው "ከአሮጌ ሞተር ብስክሌት ዋጋ አይበልጥም" ይለዋል። ሁለቱም አልዋሹም። የሚያወሩት ስለ ተለያየ ነገር ነው። ከኮረብታ ላይ በጨርቅ ክንፍ የሚነሳውም በራሪ ነው። ባለ አራት መቀመጫ አውሮፕላን ተከራይቶ ልጆቹን ይዞ የሚወጣውም በራሪ ነው። ወጪያቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል።

እዚህ የማወራው ለፍቅር ብቻ ስለሚደረግ በረራ ነው። ሥራ ለማግኘት መማር ሌላ መንገድ፣ ሌላ ሒሳብ አለው።

መመዘኛው ይቅደም

ትምህርት ቤት ከመፈለጋችሁ በፊት ከራሳችሁ ጋር ተነጋገሩ። እኔ የምመዝነው በእነዚህ ነው።

*ገንዘብ።* የበረራ ወጪ ከሦስት ኪስ ይወጣል። አንደኛው የመማሪያ ኪስ ነው። ሁለተኛው የመሣሪያ፦ ገዛችሁም ተከራያችሁም። ሦስተኛው ከተማራችሁ በኋላ በየዓመቱ እየበረራችሁ ለመቆየት የምታወጡት ነው። ሰው ሁሉ ስለ መጀመሪያው ይጠይቃል። ስለ ሦስተኛው የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ለእኔ ግን ዋናው መመዘኛ ሦስተኛው ኪስ ነው።

ለምን? እጅ ስለሚረሳ። ብስክሌት የተማረ ሰው ከአሥር ዓመት በኋላም ይነዳል። በረራ እንደዚያ አይደለም። በአሜሪካም በአውሮፓም ሕጉ ተሳፋሪ ለመያዝ ባለፉት 90 ቀናት ውስጥ 3 ጊዜ ተነስታችሁ 3 ጊዜ እንድታርፉ ያስገድዳል። ይህ ዝቅተኛው ነው። በዓመት 12 ጊዜ ብቻ የሚነሳና የሚያርፍ ሰው ሕጉን ያሟላል፤ እጁ ግን አይፍታታም። ፈቃዳቸውን አውጥተው መሳቢያ ውስጥ የቆለፉ ሰዎች አውቃለሁ። ሰነፎች አይደሉም። የመማሪያውን ገንዘብ በብዙ ልፋት አጠራቀሙ። የመብረሪያውን ግን አላሰቡበትም።

*ጊዜ።* በሳምንት ስንት ሰዓት አላችሁ? ሙሉ ቀን መስጠት ትችላላችሁ ወይስ ሁለት ሰዓት ብቻ? ይህ ከገንዘብ እኩል ይወስናል።

*ፍላጎት።* አየሩን ራሱን ማጣጣም ነው የምትፈልጉት ወይስ ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ መሄድ? ብቻችሁን ወይስ ሰው ይዛችሁ?

*ጤና።* ለአንዳንዱ በረራ የሐኪም ማረጋገጫ ግዴታ ነው፤ ለአንዳንዱ አይደለም። የሚጥል በሽታ፣ የልብ ሕመም ወይም የዓይን ችግር ያለበት ሰው አንድ ብር ሳያወጣ መጀመሪያ ምርመራውን ያድርግ። ከ20 ሰዓት ሥልጠና በኋላ "አይፈቀድልህም" መባል በጣም ያማል።

*ቦታ።* ለፓራግላይዲንግ፣ ማለትም በጨርቅ ክንፍ ለመብረር፣ ተዳፋት ወይም ክፍት ሜዳ ያስፈልጋል። ሞተር አልባ ለሆነው አውሮፕላን፣ ለግላይደር፣ ክለብ ያስፈልጋል። ለአውሮፕላን መንደርደሪያ ያለው ማሠልጠኛ ያስፈልጋል። ሁለት ሰዓት ተኩል ተጉዛችሁ የምትደርሱበት ርካሽ ክለብ፣ አጠገባችሁ ካለው ውድ ክለብ የባሰ ሊያስወጣችሁ ይችላል። ሰው በሩቅ መንገድ ይሰለቻል። ሲሰለች ይቀራል።

አሁን ወደ አማራጮቹ።

ፓራግላይዲንግ፦ መሣሪያው በጀርባ የሚታዘል

በ1978 ፈረንሳይ ውስጥ ሚዩሲ በምትባል መንደር ሦስት ፓራሹተኞች አውሮፕላን ሳይጠብቁ ከተራራ ላይ በፓራሹት ተንደርድረው መነሳት ጀመሩ። ዛሬ ፓራግላይዲንግ የምንለው ከዚያ ያደገ ነው። ክንፉ ጨርቅ ነው፤ አየር ሲሞላው ቅርጽ ይይዛል። ክንፉ፣ መቀመጫው፣ የራስ ቁሩና መጠባበቂያ ፓራሹቱ ተደምረው ከ15 እስከ 20 ኪሎ ይመዝናሉ። አጥፋችሁ፣ ከታችሁ፣ አዝላችሁ ወደ ቤት ትሄዳላችሁ።

በኪስ ሒሳብ ስናየው ልዩ ነው። ሥልጠናው አጭር ነው፤ ጥሩ አየር ከተገኘ መሠረታዊው ክፍል በቀናት ይቆጠራል። መሣሪያውን ስትገዙ አንዴ ጠንከር ያለ ገንዘብ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ነዳጅ የለም፣ የሰዓት ኪራይ የለም፣ የመቆሚያ ክፍያ የለም። ሦስተኛው ኪስ ባዶ ቢሆን እንኳ መብረር ይቻላል ማለት ይቀላል። የሚቀረው የክንፉ ዓመታዊ ምርመራ፣ የመጠባበቂያው እንደገና መታጠፍና ኢንሹራንስ ነው።

ዋጋው በሌላ መንገድ ይመጣል፦ በትዕግሥት። ክንፉ የሚበረው በሰዓት ከ35 እስከ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ነፋስ ትንሽ ሲበረታ ወደፊት መሄድ ያቅተዋል። ተራራ ላይ ወጥታችሁ፣ ሦስት ሰዓት ተቀምጣችሁ፣ ሳትበሩ የምትወርዱበት ቀን ብዙ ነው። ይህን መቀበል የማይችል ሰው እዚህ ውስጥ አይግባ። ምክንያቱም አደጋ የሚደርሰው አብዛኛውን ጊዜ "ይህን ያህል ደክሜ ወጥቼማ አልመለስም" በሚል ሰው ላይ ነው። በሚናወጥ አየር የጨርቅ ክንፍ በከፊል ሊታጠፍ ይችላል። በአውሮፓ መለኪያ ክንፎች ከኤ እስከ ዲ ይመደባሉ። ኤ ለጀማሪ ነው፤ ራሱን ቶሎ ያስተካክላል። ሻጭ "ቶሎ ታድግበታለህ" ብሎ ከፍ ያለ ክንፍ ቢያግባባችሁ እምቢ በሉ።

ሞተር በጀርባ የሚታዘልበት ዓይነትም አለ፤ ፓራሞተር ይባላል። ተራራ ለሌለበት ሜዳማ ቦታ ጥሩ መፍትሔ ነው። በአሜሪካ ሕግ ባለ አንድ መቀመጫ፣ ባዶ ክብደቱ ከ115 ኪሎ በታች የሆነና ከ19 ሊትር ያልበለጠ ነዳጅ የሚይዝ ሞተር ያለው መብረሪያ ፈቃድ አይጠየቅበትም። "ፈቃድ አይጠየቅም" ማለት ግን "ሥልጠና አያስፈልግም" ማለት አይደለም። ከቪዲዮ አይቶ ራሱን ለማስተማር የሚሞክር ሰው ሕይወቱን ነው የሚያስይዘው።

ግላይደር፦ ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው

አድልዎዬን አልደብቅም። ሞተር አልባ አውሮፕላን መብረርን በትክክል የሚያስተምር ይመስለኛል።

ግላይደር ሙሉ አውሮፕላን ነው። ክንፍ፣ ጅራት፣ መሪ፣ ኮክፒት (አብራሪው የሚቀመጥበት ክፍል) አለው። የሌለው ሞተር ነው። በሌላ አውሮፕላን ተጎትቶ ወይም ዊንች በሚባል መሬት ላይ በተተከለ መጎተቻ ገመድ ተስቦ ይነሳል። ዊንቹ በግማሽ ደቂቃ አካባቢ ውስጥ ብዙ መቶ ሜትሮች ያወጣችኋል። ከዚያ ገመዱ ይለቀቃል። ድምፁ ይጠፋል። የሚሰማው የነፋስ ሽውታ ብቻ ነው።

አሁን ነው ጨዋታው የሚጀምረው። ፀሐይ መሬቱን ታሞቃለች። የታረሰ ማሳ፣ ድንጋያማ ቦታ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ከአካባቢው ቶሎ ይሞቃል። ከላዩ ያለው አየር ይሞቅና ዓምድ ሠርቶ ወደ ላይ ይወጣል። ንስሩ የሚዞረው እዚያ ዓምድ ውስጥ ነው። እናንተም ትገቡበታላችሁ። መጀመሪያ አንዱን ክንፍ ቀስ አድርጎ ሲያነሳው በመቀመጫችሁ ይታወቃችኋል። መውጣትና መውረዳችሁን በድምፅ የሚነግረው ቫሪዮ የሚባለው መሣሪያ ድምፁን ያፈጥናል። ወደዚያው ታዞራላችሁ። መሬት እየራቀ ይሄዳል። አንዳንዴ ንስሩ ራሱ ከክንፋችሁ ጫፍ አጠገብ አብሯችሁ ይዞራል። እኔ ይህ የሆነልኝ ቀን ካረፍኩ በኋላ ለረጅም ጊዜ ከኮክፒቱ አልወጣሁም። መናገር አልቻልኩም ነበር።

ብዙ ትምህርት ቤቶች የሚጠቀሙበት ባለ ሁለት መቀመጫው ኤ.ኤስ.ካ. 21 ከ1 ኪሎ ሜትር ከፍታ፣ ጸጥ ባለ አየር፣ 34 ኪሎ ሜትር ያህል መንሸራተት ይችላል። ተራ ባለ ሞተር ሴስና 172 ሞተሩ ቢጠፋ የሚሄደው 9 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ልዩነቱ ይህን ያህል ነው። በ2003 አርጀንቲና ላይ ክላውስ ኦልማን የተባለ ጀርመናዊ ያለ ሞተር ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ በረረ። ተራራ በሚፈጥረው የአየር ማዕበል እየተጠቀመ ነው።

ወጪውስ? አብዛኛው ግላይደር የሚበረው በክለብ ነው። አሠልጣኞቹ ብዙ ጊዜ በበጎ ፈቃድ ያስተምራሉ። አባላት ገመድ ይጎትታሉ፣ ክንፍ ይይዛሉ፣ አውሮፕላን ያጥባሉ፣ ሰዓት ይመዘግባሉ። ስለዚህ ዋጋው ይወርዳል። ግን ሌላ ነገር ትከፍላላችሁ፦ ቀናችሁን። ለ20 ደቂቃ በረራ ከጠዋት እስከ ማታ ሜዳ ላይ መዋል የተለመደ ነው። ለሁለት ሰዓት ብቻ መውጣት የሚችል ሰው እዚህ ይቸገራል። ቅዳሜውን ሙሉ መስጠት ለሚችል ሰው ግን ከዚህ የተሻለ ስምምነት አላውቅም። ከሜዳው የሚገኘው ጓደኝነትም ሌላ ቦታ ቶሎ አይገኝም።

በአውሮፓ የግላይደር ፈቃድ ቢያንስ 15 ሰዓት ሥልጠናና 45 መነሳትና ማረፍ ይጠይቃል። ልጆችም ይችላሉ፤ በ14 ዓመት ዕድሜ ብቻቸውን መብረር ይፈቀድላቸዋል። መኪና ለመንዳት ያልደረሰ ልጅ አውሮፕላን ብቻውን ያሳርፋል ማለት ነው።

ማይክሮላይትና ቀላል አውሮፕላን፦ የመሃሉ መንገድ

ማይክሮላይት ክብደቱ አነስተኛ የሆነ ባለ ሞተር መብረሪያ ነው። ሞተር የሚፈልግ፣ ግን የትልቁን አውሮፕላን ወጪ የማይችል ሰው የሚያርፍበት ቦታ ነው። አብዛኞቹ ሁለት መቀመጫ አላቸው። ሮታክስ 912 የሚባለው ሞተር በዚህ መደብ ውስጥ የታወቀ ነው። በሰዓት ከ15 እስከ 20 ሊትር አካባቢ ይጠጣል። የመኪና ቤንዚንም ይቀበላል፤ ሴስና 172 ግን በሰዓት ከ30 ሊትር በላይ የአውሮፕላን ቤንዚን ይፈልጋል። የሰዓት ኪራዩ ልዩነት በከፊል የሚመጣው ከዚህ ነው።

የሥልጠና ሰዓቱም ያንሳል። በአሜሪካ የስፖርት አብራሪ ፈቃድ ቢያንስ 20 ሰዓት ነው። የመንጃ ፈቃድ ያለው ሰው ብዙ ጊዜ የተለየ የሐኪም ማረጋገጫ አይጠየቅም። መያዝ የሚቻለው አንድ ሰው ብቻ ነው። ለአብዛኛው ሰው ደግሞ አንድ ሰው ይበቃዋል። በመኪናም ቢሆን ቅዳሜ ጠዋት ለመናፈስ አራት ሆነን የምንወጣው ስንቴ ነው?

ቀላል መሆኑ ችግርም አለው። ነፋስ በቶሎ ያንገላታዋል። ረፋድ ሲሞቅ አየሩ ይናወጣል። ስለዚህ የዚህ ዓይነት በራሪዎች በማለዳና ወደ ማታ መብረር ይወዳሉ።

የግል አብራሪ ፈቃድ፦ ሰፊው በር

ሰው "ፓይለት" ሲል በአእምሮው የሚመጣው ይሄ ነው። በአሜሪካ ቢያንስ 40 ሰዓት፣ በአውሮፓ 45 ሰዓት ይጠይቃል። "ቢያንስ" የሚለውን ቃል አስምሩበት። በትርፍ ጊዜው የሚማር ሰው በዚያ ሰዓት የሚጨርሰው በጣም ጥቂቱ ነው። 60 እና 70 ሰዓት የተለመደ ነው። በጀት ስትሠሩ በ40 ሳይሆን በ65 አባዙ።

የሚሰጠው ነፃነት ግን እውነተኛ ነው። ሩቅ መሄድ ይቻላል። ቤተሰብ ይዞ መሄድ ይቻላል። ተጨማሪ ሥልጠና ከወሰዳችሁ ሌሊትም፣ ደመና ውስጥም መብረር ይቻላል። አንድ ነገር ብቻ ቀድማችሁ እወቁ። ባለ አራት መቀመጫ ማለት አራት ትልልቅ ሰው ይይዛል ማለት አይደለም። ሴስና 172 ታንኩ ሞልቶ አራት ጎልማሳ ቢሳፈርበት አብዛኛውን ጊዜ ከተፈቀደው ክብደት ያልፋል። ወይ ሰው ይቀነሳል፣ ወይ ነዳጅ።

በአውሮፓ ቀለል ያለ ሌላ ፈቃድም አለ። 30 ሰዓት ነው የሚጠይቀው። የጤና መስፈርቱም ይላላል። በአውሮፓ ውስጥ ብቻ ለመዝናናት ለሚበር ሰው ይህ ይበቃል።

ሦስተኛው ኪስ እዚህ ላይ ነው የሚከብደው። መሣሪያ አትገዙም፤ ትከራያላችሁ። ግን እያንዳንዷ ሰዓት ትከፈላለች፣ እስከ መጨረሻው። በወር ቢያንስ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ለመክፈል አቅም ከሌለ፣ ይህን ፈቃድ ባታወጡ እመርጣለሁ። በግላይደር በየሳምንቱ የሚበር ሰው፣ በሴስና በዓመት ሁለቴ ከሚበረው የበለጠ ደስተኛም የተሻለ አብራሪም ነው።

ከአደጋዎቹ አንዱን ልጥቀስ። ደመና ውስጥ ለመብረር ያልሠለጠነ ሰው ሳያስበው ደመና ውስጥ ሲገባ የሰውነቱ ሚዛን ይዋሸዋል። ቀጥ ብሎ የሚበር እየመሰለው ይዞራል፣ ይወርዳል። መድኃኒቱ ቀድሞ መመለስ ነው። እንግዳ ይዞ፣ ቀጠሮ ይዞ መመለስ ይከብዳል፤ ቢሆንም መመለስ ነው።

ሲሙሌተርስ?

ቤት ውስጥ በኮምፒውተር መለማመድ መብረር አይደለም። የኮክፒት ቅደም ተከተልን፣ የሬዲዮ ንግግርንና የካርታ ንባብን ለመለማመድ ግን በጣም ይጠቅማል። ማረፍን ለመማር አትመኩበት፤ የተሳሳተ የዓይን ልማድ ሊያስይዛችሁ ይችላል።

በአንድ ዓይን

| አማራጭ | የመማሪያ ወጪ | የመሣሪያ ወጪ | የየዓመቱ ወጪ | የሚጠይቀው ጊዜ | ሰው መያዝ | ሩቅ መሄድ |
|---|---|---|---|---|---|---|
| ፓራግላይዲንግ | ዝቅተኛ | መካከለኛ፣ አንዴ | በጣም ዝቅተኛ | ብዙ መጠበቅ አለው | ተጨማሪ ሥልጠና ይጠይቃል | አየሩ ከፈቀደ |
| ፓራሞተር | ዝቅተኛ | ከፓራግላይዲንግ ከፍ ይላል | ዝቅተኛ | ማለዳና ማታ | አብዛኛው ለአንድ ሰው | በመጠኑ |
| ግላይደር በክለብ | ዝቅተኛ እስከ መካከለኛ | የክለቡ ነው | ዝቅተኛ | ሙሉ ቀን | አንድ ሰው | ልምድ ላለው |
| ማይክሮላይት | መካከለኛ | ኪራይ ወይም ሽርክና | መካከለኛ | ጥቂት ሰዓት | አንድ ሰው | አዎ |
| የግል አብራሪ | ከፍተኛ | ኪራይ ወይም ሽርክና | ከፍተኛ | ጥቂት ሰዓት | እስከ ሦስት፣ ክብደት ከፈቀደ | አዎ፣ በደንብ |

ማን የትኛውን ይምረጥ

ገንዘብ የሚያጥረው፣ ጊዜ ያለው ወጣት ወደ ግላይደር ክለብ ይሂድ። በአቅራቢያው ክለብ ከሌለና ተራራ ካለ ፓራግላይዲንግ ይማር።

ገንዘብ ያለው፣ ጊዜ የሌለው ሰው አውሮፕላን ይከራይ። ቀጠሮ ይዞ፣ ሁለት ሰዓት በርሮ ወደ ሥራው መመለስ ይችላል።

ሁለቱም በመጠኑ ያለው ሰው ማይክሮላይት ላይ ያተኩር። ከሦስት ወይም ከአራት ሰው ጋር አንድ መብረሪያ በሽርክና መግዛት በዚህ መደብ ጥሩ ውጤት ይሰጣል። ውሉ ግን በጽሑፍ ይሁን። ማን ምን ቀን ይበራል፣ ቢበላሽ ማን ይከፍላል፣ አንዱ መውጣት ቢፈልግ ድርሻው እንዴት ይሸጣል የሚለው ከግዢው በፊት ይጻፍ።

ልጁን ከበረራ ጋር ማስተዋወቅ የሚፈልግ ወላጅ ሌላ አይፈልግ፤ ግላይደር ነው። ወደ ባለ ሞተር አውሮፕላን በኋላ ሲዛወር የእጁ ልምድ አብሮት ይሄዳል።

ወጪውን የሚቀንሰው

ትልቁ ብክነት በትምህርት መካከል መቋረጥ ነው። ይህን በራሴ አይቻለሁ። ግማሹን ገንዘብ ይዤ ጀመርኩ። አለቀብኝ። ከአምስት ወር በኋላ ስመለስ የማውቀውን እንደገና ለመማር ከፈልኩ። ቢቻል ጠቅላላውን ገንዘብ አጠራቅሙና ጀምሩ። ከዚያ በሳምንት ሁለቴ ብረሩ። በወር አንዴ የሚማር ሰው የእያንዳንዱን ትምህርት ግማሽ በክለሳ ይጨርሰዋል።

ገንዘቡ በእጃችሁ ነው ማለት ግን ለትምህርት ቤቱ በአንዴ ስጡ ማለት አይደለም። ቅናሽ ቢሰጧችሁም በጥቂት በጥቂቱ ክፈሉ። ትምህርት ቤት ሊዘጋ ይችላል።

ንድፈ ሐሳቡን ቤታችሁ አጥኑ። ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ፣ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ፣ ከመነሳት እስከ ማረፍ ያለውን እያንዳንዱን የእጅ እንቅስቃሴ ድገሙ። ነፃ ነው፤ ይሠራል።

ትምህርት ቤት ስትሄዱም በግልጽ ጠይቁ። የሰዓት ዋጋው ነዳጅ ያካትታል? አሠልጣኙን ያካትታል? የማረፊያ ክፍያና ኢንሹራንስ አለበት? ያለፉት ተማሪዎች በአማካይ በስንት ሰዓት ጨረሱ? አሠልጣኜ ሁልጊዜ አንድ ሰው ነው ወይስ ይቀያየራል? መልሱን ሸፋፍነው ከነገሯችሁ ሌላ በር አንኳኩ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን አንድ የሙከራ በረራ ውሰዱ። ትምህርት ቤቶቹም ክለቦቹም ይሰጣሉ። ከአሠልጣኝ ጋር ትወጣላችሁ፣ መሪውን ትይዛላችሁ። ከተቻለ ሁለት የተለያዩ ዓይነቶች ሞክሩ፤ ለምሳሌ አንድ ግላይደርና አንድ ባለ ሞተር። ሆዳችሁ የተረበሸበትንና ወርዳችሁ እንኳ ፈገግታችሁ ያልጠፋበትን ታውቁታላችሁ። ስትጨርሱ አሠልጣኙ የበረራ መዝገብ ላይ እንዲያሰፍርላችሁ ጠይቁ። በብዙ ቦታ ያቺ ጊዜ ከሥልጠና ሰዓታችሁ ትቆጠራለች።